የደረጀ ጥርስና የእትዬ አስካለ ድስት

ጥርሱን ያመመው ሰው አገሩ ትዝ ይለዋል የሚል ተረት በአማርኛ የለንም። ስለሌለን እኔ ዛሬ ፈጥሬዋለሁ፤ ወደፊት አንድ ሽማግሌ ዘንጉን ተደግፎ «አባቶቻችን እንዳሉት» ብሎ ሲጠቅሰው ብትሰሙ፣ አባትየው እኔ ፋንታሁን መሆኔን እንዳትረሱ። ዘንድሮ እዚህ ግብፅ ብርዱ በገባ ሰሞን የኋላ መንጋጋዬ ተነሳብኝ። እብጠቱን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፤ ብቻ ከአርድ ኤል ሊዋ ማይክሮባስ ላይ ስወጣ ሾፌሩ ፊቴን አይቶ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ በትሕትና። ዶቂ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ካለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገብቼ አፌን ስከፍት፣ ሰውየው ጥጥ በቅርንፉድ ዘይት ነከር አድርጎ ድዴ ላይ አኖረልኝ። በቃ፣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ወንበሩ ላይ እንደተንጋለልኩ ሄድኩ። ዶቂን ለቅቄ፣ አባይን ተሻግሬ፣ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ተንሸራትቼ የድሮ ሰፈሬ አይን ሻምስ ደረስኩ።

አይን ሻምስ ያኔ እንደ ዛሬው አልነበረም ይላሉ። ነበር። የተለወጥነው እኛ ነን። ሦስት ወንዶች አንድ ሻቃ ተከራይተን እንኖር ነበር። ሻቃ በዚህ አገር ሰዎች አነጋገር አፓርታማ ነው፤ የእኛን ከክብሪት ቀፎ የሚለየው መስኮት ያለው መሆኑ ብቻ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው ደግሞ የጎረቤት መስኮት ነው፤ የጎረቤቱ ሰውዬ ፂሙን ሲላጭ እኛ መስታወቱን እናይለት ነበር። ነገሩ አገር ቤት እስኪረግብ ነው፣ ሻንጣችንን አንፈታም እንባባላለን። የእኔ ሻንጣ እስከ ዛሬም ግማሹ አልተፈታም፤ ውስጡ ያለው ሱሪ ግን አሁን አንድ እግሬን ብቻ ነው የሚያስገባው። ያኔ ፋሽኑ ወገቡ ከእምብርት በላይ የሚታሰር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ጂንስ ነበር፤ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ቆፍረን እናወጣዋለን። ኮሻሪ፣ ያ ሩዙም ምስሩም ማካሮኒውም አንድ ላይ የሚደባለቅበት ምግብ፣ በኪስ ውስጥ በተረሳ ሳንቲም ይጠገብ ነበር። ጥጉ ላይ ሸንኮራ እየጨመቀ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ብርጭቆውን ጨርሰን ስንመልስለት አረፋ ቀርቶበታል ብሎ እንደገና ይሞላልናል። ከሕንፃው ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ አንድ ካሴት ብቻ ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ያስጮኸዋል። እኔ ቃሉ ሳይገባኝ ዜማውን ሸመደድኩት፤ ሦስተኛው የቤታችን ሰው ሼህ ሰይድ ግን ቃሉ ስለሚገባው ጆሮውን ይይዝ ነበር። ሼህ ሰይድ ለሃይማኖት ትምህርት ከወሎ የመጣ ሰው ነው። ያኔ ገና ሼህ አልሆነም፤ ይሆናል ብለን ቀድመን ሾምነው።

ሁለተኛው ደረጀ ነው። እሱን ያገኘሁት ሜትሮ ውስጥ ነው። ባቡሩ ከመታጨቁ የተነሳ እግሬ ወለል ሳይነካ ሦስት ጣቢያ አለፍኩ ብል የጨመርኩት ትንሽ ነው። እናቱ ያዘለችው አንድ ሕፃን ከፊቱ የቆመውን ሽማግሌ ቆብ ላፍ አድርጎ ራሱ ላይ ሲደፋው፣ ከዳር አንድ ረጅም ልጅ ከልቡ ሳቀ። ጥርሱን አየሁት። ቡናማ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፣ ጫፍ ጫፉ ተሸራርፏል። የሰው እግር እየረገጥኩ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«መቂ ነህ ዝዋይ?» አልኩት በአማርኛ።

«መቂ» አለ፣ ሳይደነግጥ። «አንተስ?»

እንደ ፓስፖርት ጥርሴን ገልጬ አሳየሁት።

የእኛ አገር ውሃ እንዲያ ነው። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ስለሚበዛበት በልጅነቱ የጠጣው ሁሉ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቢፍቁት አይለቅም፤ በከሰልም በአመድም በሎሚም ሞክሬዋለሁ፤ የለቀቀው ድዴ ነው። ስለዚህ የመቂ ልጅ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። እኔ ራሴ ቀልድ የጀመርኩት ሌላው በሳቅ ዓይኑ እንባ ሲሞላ የእኔን አፍ እንዳያይ ብዬ ነው። ደረጀ ግን እጁን አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም። ሲስቅ ከታች በኩል ግራና ቀኝ ሁለቱ ክራንቻዎች የሚበቅሉበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ሕፃን ሳለ ተቅማጥ ይዞት «ግግ ነው» ብለው ወጌሻ ገና ያልበቀለውን ከድዱ ፈልቅቆ ያወጣበት ነው። ሼህ ሰይድ ያን የወሎ ምንጭ ያጠበውን ነጭ ጥርሱን እያብለጨለጨ «ሁለታችሁ አንድ ላይ ስትስቁ ቤቱ ይጨልማል» ይለን ነበር። ደረጀ አንድ መንጋጋው ሲያመው ሐኪም ቤት ከመሄድ ቅርንፉድ መንከስ ይሻላል ይላል። ሻቃው፣ ብርድ ልብሱ፣ የሼህ ሰይድ መጻሕፍት ሳይቀሩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸቱ ነበር።

አንድ ቀን በሰሜን፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ካለች ከተማ፣ የዓሣ ጀልባ ላይ ሹግል አገኘሁ አለን። ሥራ ማለቱ ነው። «ዋና ትችላለህ?» አለው ሼህ ሰይድ። «ዓሣው ይችላል፣ ይበቃል» አለ። ብርድ ስለነበረ ጃኬትህን ልበስ ብንለው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸትብኛል ብሎ ሚስማሩ ላይ ትቶት ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ሆስፒታሉን ጠየቅን፣ ፖሊሱን ጠየቅን፣ እስር ቤቱን ጠየቅን። የምናውቀው አረብኛ ትንሽ ነው፤ የሚሰጡን መልስ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ኸላስ፣ አበቃ፣ ይሉናል፣ እንወጣለን።

ዓመት ሳይሞላ ታላቅ እህቱ አስካለ ልትፈልገው መጣች። እትዬ አስካለ ነው የምላት፤ መቂ ሳለን የማን እህት እንደሆነች ሳላውቅ ውሃ ስትቀዳ አውቃታለሁ። ወንድሜን ይዤ እመለሳለሁ ብላ መጥታ፣ ያለ ወንድሜ አልመለስም ብላ ቀረች። አርድ ኤል ሊዋ ውስጥ አንድ ክፍል ይዛ ፀጉር ትሠራለች፤ ሹሩባዋ ከመጥበቁ የተነሳ ደንበኞቿ ተሠርተው ሲወጡ ዓይናቸው እንደ ቻይና ሰው ይሆናል። ጃኬቱን ሰጠናት። በየፋሲካው ታጥበውና በረንዳ ላይ ታሰጣዋለች። ጥቁር አልለበሰችም፤ «እግዜር ያጽናሽ» የሚላትን ሰው «ምን ሆኜ?» ትለዋለች።

እኛም ዝም አልን። ምክንያቱም ይታወቃል፤ በእኛ ባህል ሞት እንደ ወሬ በመንገድ አይነገርም። የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ በንጋት፣ ሐዘንተኛው ከእንቅልፉ ሳይላቀቅ ሄደው መርዶውን ያረዱታል። መርዶ ካልመጣ ለቅሶ የለም፣ ለቅሶ ካልተደረሰ ተዝካር የለም፣ ነፍሱም የእህቱም ልብ መሃል መንገድ ላይ ይቆማሉ። መርዶ ለመንገር ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ የምንጠረጥር እንጂ የምናውቅ አልነበርንም።

የድስቱ ነገር የተፈጠረው በዚያ ዘመን ነው። ሼህ ሰይድ ትምህርቱን ጨርሶ በእውነት ሼህ ሲሆን ደገስንለት፤ ለድግሱ ከእትዬ አስካለ አንድ ትልቅ ድስት ተዋስን። ትልቅ ስላችሁ፣ በሬ ሳይታረድ የሚገባበት። እኔ ያኔ ዳቦ ቤት ሌሊት እየሠራሁ ሲነጋጋ እወጣለሁ። ይህን ድስት ቀን በሜትሮ ከምሸከመው ማለዳ ልመልሰው ብዬ አሰብኩ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ ሞላሁበት፤ ከሱብሒ ሶላት የወጣውን ሼህ ሰይድን «አንድ ጆሮውን ያዝልኝ» አልኩትና ሁለታችን አንጠልጥለነው ሄድን። ደጇ ስንደርስ መሬት አስቀመጥነው፤ አንኳኳሁ። እትዬ አስካለ ከፈተች። ንጋት ነው። ሁለት ወንዶች ናቸው፣ ሁለቱም የደረጀ ጓደኞች፣ አንዱ ጥምጣም ጠምጥሟል። ድስቱ አልታያትም።

«ወይኔ ወንድሜን» ብላ ወደቀች።

ሕንፃው ተነሳ። ግብፃውያን ሴቶች በለቅሶ ቀልድ አያውቁም፤ ከየፎቁ ፀጉራቸውን እየነጩ ወረዱ። የቤቱ ባለቤት ወንበር አስደረደረ፣ አንዱ ሻይ አፈላ፣ አንዱ መንገድ ዘጋ። ከሱዳን ድረስ የመጣ ለቀስተኛ ነበር ብል ማን ያስተባብለኛል? እኔ በዚህ ሁሉ መሃል «ድስት ልመልስ ነው፣ ድስት ልመልስ ነው» እላለሁ። አንዷ የአገራችን ሴት «ደንግጦ ነው፣ ይቀባጥራል» ብላ ውሃ ረጨችብኝ። ሼህ ሰይድን ነገሩን እንዲያስረዳልኝ ዞር ብዬ ባየው፣ ሰው ሲያለቅስ አይቶ እሱም ያለቅሳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ እትዬ አስካለ ከወደቀችበት ቀና ስትል ድስቱን አየችው። ክዳኑን አነሳች። እንፋሎቱ ወጣ።

«ዳቦ ነው እንዴ?» አለች።

«ትኩስ ነው» አልኳት።

የመታችኝ በክዳኑ ነው። ለቀስተኛው ዳቦውን እየተካፈለ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣብኝ። «ስማ ፋንታ፣ ሁለተኛ ከምሳ በፊት ደጄን እንዳትረግጥ። ግድ ሆኖብህ በንጋት ከመጣህ ከሰላምታው በፊት ድስቱን አሳየኝ።» ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ጠዋት ስልክ በደወልኩ ቁጥር ሰላም አትለኝም። «ድስቱን ይዘሃል?» ነው የምትለኝ። «ይዣለሁ» ስላት ነው ወሬ የምንጀምረው።

ወደ ዶቂው ወንበር ልመለስ፤ ሐኪሙ ጥርሴን ነቅሎታል። ነቅሎ ግን አልጣለውም። ወደ መስኮቱ ወስዶ አገላበጠውና፣ የሕግ ሕክምና የምታስተምር አንዲት ጓደኛ እንዳለችው፣ እንዲህ ያለ ጥርስ ካገኘህ አስቀምጥልኝ ብላ እንደምትለምነው ነገረኝ። የሕግ ሕክምና ማለት ሬሳንና ቁስልን እየመረመረ ለፍርድ ቤት የሚመሰክረው ነው። እኔ ስደተኞችን ሐኪም ቤት እየወሰድኩ የማስተረጉም ሰው ነኝ፤ በሁለት ቋንቋ ያላቃሰትኩት ሕመም የለም፤ ጥርስ የሚለምን ሐኪም ግን ሰምቼ አላውቅም። «ትውሰደው፣ ድሮም ተስማምተን አናውቅም» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ራሷ እዚያው ዶቂ ወዳለው ቢሮዋ ጠራችኝ፤ ኡስታዝ ትለኛለች፣ እንደ እኛ አቶ። ዶክተር ሃናን ትባላለች፤ ወፍራም መነጽር አላት፣ ስትናገር አትቸኩልም። አስረዳችኝ። የጥርስ ሽፋን በልጅነት አንዴ ይሠራል፤ እንደ ቆዳና እንደ አጥንት አይታደስም። ልጁ የጠጣው ውሃ፣ ውሃው ያለፈበት መሬት፣ አሻራው እዚያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አሁን በየአገሩ የሚያጠኑት፣ ስም የሌለው ሬሳ ሲገኝ ከጥርሱ ተነስቶ በየትኛው አገር እንዳደገ ማወቅ ነው። ለማወዳደር ደግሞ አገሩ የሚታወቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው ጥርስ ያስፈልጋታል።

«ዶክተር፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ ይህን ጥናት ሜትሮ ውስጥ ጨርሰነው ነበር» አልኳትና የደረጀን ታሪክ አጫወትኳት፤ ሕፃኑን፣ ቆቡን፣ መቂ ነህ ዝዋይ ያልኩትን። ሳቀች። የታችኞቹን ክራንቻዎች ባዶ ቦታ ስጨምርላት ግን ሳቋ ቆመ።

«ያ ጓደኛህ የት ነው ያለው፣ ኡስታዝ ፋንታ?» አለችኝ።

አታውቁኝም፣ እኔ ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ያኔማ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ደርሼ ተመልሼ፣ እንደገና ተነስቼ፣ ራሴን በሩ ጋ አገኘሁት። እሷ ቀስ ብላ ተናገረች። ከብዙ ዓመት በፊት ባሕሩ ወደ ዳር ያወጣው አንድ ሰው ነበር፤ ወረቀት አልተገኘበትም፤ በቁጥር ተቀበረ፤ የዚያን ጊዜ መርማሪ ወደፊት ይጠቅማል ብሎ ጥቂት ጥርሶቹን አስቀርቶ ነበር። ጥርሶቹ እንደ እኔው ቡናማ ናቸው። የድሮው ሪፖርት ሁለቱ ክራንቻዎች በምት የወለቁ ይመስላሉ ይላል፤ እሷ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ለሕፃናት የሚደረገውን ስላነበበች፣ የመንጋጋውን ፎቶ ስታየው ያልወለቁ፣ መጀመሪያም ያልበቀሉ መሆናቸው ገባት።

«ያዕኒ፣ ማለት እሱ ነው?» አልኳት።

«አላልኩም። ጥርስ አገሩን ይናገራል እንጂ ስሙን አይናገርም። የአንድ አገር ልጆች ብዙ ናቸው። ከእናቱ በኩል የሚወለደው ሰው አለ? ከእናት ብቻ የሚወረስ ነገር አለ፤ ወንድምና እህት እኩል ያገኙታል። ትንሽ ምራቅ ይበቃኛል። እሱ ከሆነ መቃብሩ ላይ በቁጥሩ ፈንታ ስሙ ይጻፋል።»

በዚያ ቀን ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሜትሮ ገባሁ፣ መውረጃዬን አለፍኩ፣ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና አለፍኩ። እግሬ በገዛ ፈቃዱ አይን ሻምስ አውጥቶ አቆመኝ። የሸንኮራ ጨማቂው ቦታ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል፤ ፀጉር አስተካካዩ የለም፣ ካሴቱ ግን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚያ ቆሜ ለሼህ ሰይድ ደወልኩለት። ዛሬም በሰፈሩ ልጆች ያስተምራል፤ ፂሙ እንደ ጥርሱ ነጭ ሆኗል። ነገርኩት።

«ምራቋን ስትጠይቃት ለምን ትልሃለች» አለኝ።

«ትለኛለች።»

«ከነገርካት መርዶ ነው። እሱ ካልሆነስ? አንዴ በድስት ገድለናታል። ሁለተኛ ልንገድላት ነው? መርዶ ግማሽ የለውም፣ ፋንታ።»

እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ፤ ብልሃቴ ግን ለሰይጣን ነው የምትቀርበው። ትልቅ ሰው ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይል የለ? በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ንጹሕ መሐረብ አንገቴ ላይ ሸብ አድርጌ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩና ጉልበቷ ሥር ተንበረከክሁ። «መርቂኝ እትዬ» አልኳት።

«ምን ሆነህ ነው? ልትሄድ ነው?»

«ዝም ብለሽ መርቂኝ።»

«እደግ፣ ክፉ አይንካህ፣ እንትፍ።»

ደረቅ ነው። ጠብታ የለውም። «ትንሽ ጨምሪልኝ» አልኳት።

«እንትፍ፣ እንትፍ። ምን ነካው ይሄ ሰው?»

«እትዬ፣ እንደ ሰው ከልብሽ ትፊብኝ እንጂ።»

«ሂድና ጠበል ተጠመቅ፤ እኔ ቧንቧ አይደለሁም» ብላ በማበጠሪያ አናቴን አለችኝ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ግን ሳቀች። በመጨረሻ ሳቋ ራሱ አስተፋት፤ መሐረቡ ላይ አንድ ነጥብ አረፈች። ወርቅ እንዳገኘ ሰው ጠቅልዬ ዶቂ ድረስ በእግሬ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ ቱክቱክ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ቀድሜያለሁ።

ዶክተር ሃናን መሐረቡን በጣቷ እንኳ አልነካችውም። «የሴትየዋ ፈቃድ የት አለ?» አለችኝ። ማስተርጎሙን ለምጄ ስለነበር በምልክት፣ በትከሻ፣ በቅንድብ ላስረዳት ሞከርኩ። «ባለቤቷ ሳታውቅ የተወሰደ ምራቅ ለእኔ ምራቅ አይደለም። ሕጉም አይቀበለውም፣ እኔም አልቀበለውም። የወንድሟ ነገር ከሆነ ከሁላችንም በፊት ማወቅ ያለባት እሷ ናት።» አፈርኩ። መሐረቡን ኪሴ ከትቼ ስወጣ ምርቃቴን መልሼ የተሸከምኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሄድኩ። እትዬ አስካለ የአንዲት ልጅ ፀጉር እየሠራች ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ በር ላይ ዝም ብዬ ቆሜ አላውቅም።

«ግባ እንጂ። ቀልድ አለቀብህ?»

«አልቋል።»

ነገርኳት። ሳላሳምር፣ ሳልጨምር፤ ሐኪሟ እሱ ነው እንዳላለች፣ ላይሆን እንደሚችል፣ እንዲህ ባለ ጥርስ ያደግን ብዙ እንደሆንን። ጣቶቿ አልቆሙም። የያዘችውን ሹሩባ እስከ ጫፉ ጨረሰችው፣ ቋጠረችው። ልጅቷን «ነገ ትመለሻለሽ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ወጣች።

«ታችኞቹ ክራንቻዎቹ የሉም አለች?»

«የሉም አለች።»

«ወጌሻው ሲያወጣው ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «ልጅ ነበርኩ። እናቴ ማየት አልችልም ብላ ወጣች። አጥብቀሽ ያዢው አለኝ፣ አጥብቄ ያዝኩት።» መዳፎቿን አየቻቸው። «ካሳመምኩት እንኳ አንዴ ይጥቀመው። ውሰደኝ።»

ዶቂ ሄድን። ዶክተር ሃናን በጥጥ እንጨት ጉንጯን ከውስጥ አሸት አሸት አደረገችላት፤ በቃ፣ ይኼው ነው። እኔ በመሐረብ ስንት ዘመቻ የዘመትኩበት። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞራ «ጥርሱን ይሰብሩታል ወይ በላት» አለችኝ። ተረጎምኩ። ትንሽ ይፈጫል፣ የቀረው ለእርሷ ይመለሳል አለች ሐኪሟ። «እንግዲህ ሕፃን ስንሆን ጥርሳችን ሲነቀል ጣራ ላይ እንወረውር ነበር በላት፤ ይህንን አልወረውረውም።» ተረጎምኩ። ዶክተር ሃናን መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። እኛ ደግሞ ወደ ፀሐይ ነበር የምንወረውረው አለች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እኔ ደግሞ ለመጠበቅ አልተፈጠርኩም። ስልኬ ባይጮህም አነሳዋለሁ። ታማሚ ይዤ ሐኪም ቤት ገብቼ ሐኪሙ ስለ ኩላሊት ሲናገር እኔ ስለ ጥርስ ተረጎምኩ፤ ታማሚው «ኩላሊቴ ስንት ጥርስ አላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ማታ ማታ እትዬ አስካለ ትደውልልኛለች። ስለ ውጤቱ አትጠይቀኝም። ቀልድ ንገረኝ ነው የምትለኝ። ከመቂ የጀመርኩትን ቀልድ ሁሉ ጨርሼ የሼህ ሰይድን ተበደርኩ፤ የሼህ ሰይድ ቀልድ ደግሞ መጨረሻው ምክር ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ዶክተር ሃናን ደወለች። የእናታቸው ወገን አንድ ነው አለች፤ ውሃው አንድ ነው፤ ክራንቻዎቹም እንዳልነው ናቸው። «ስሙን መጻፍ እችላለሁ» አለች። ከዚያም «አልባቂያ ፊ ሐያታክ» አለችኝ። የቀረው ዕድሜ ለአንተ ይጨመር ማለት ነው፤ ለስንቱ ሐዘንተኛ ተርጉሜዋለሁ። ያን ቀን ግን ወደ አማርኛ አልገባ አለኝ። መንገድ መሃል ቆሜ ነበር፤ ቱክቱኩ ሁሉ በቀኝ በግራዬ እየጮኸ አለፈኝ።

መርዶ በንጋት ነው። ስለዚህ ቀሪውን ቀንና ምሽቱን ይህን ይዤ መዞር ነበረብኝ። ለሼህ ሰይድ ነገርኩት፤ ከእትዬ አስካለ ጎረቤቶች ሁለት የአገራችን ሴቶች እንዲኖሩ ተስማማን። ሲመሽ እንደ ልማዷ ደወለች።

«ቀልድ ንገረኝ።»

ነገርኳት። ስለዚያ ሜትሮ ውስጥ ስላለው ሕፃን ነገርኳት፤ ቆቡን ከአንድ ሽማግሌ ወደ ዐሥር ሽማግሌ አበዛሁት፣ ባቡሩን ከሐዲዱ አስወጣሁት፣ ሾፌሩንም ቆብ አስነጠቅሁት። ሳቀች።

«ዛሬ ቀልድህ ጨው አነሰው» አለች ከዚያ።

«ጨው ተወደደ እትዬ።»

«ደህና እደር ፋንታ።»

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሼህ ሰይድ ጥምጣሙን አስተካክሎ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ፣ እኔ መሃል። መንገዱ ላይ ዳቦ ቤቱ ተከፍቶ ነበር፤ የትኩስ ዳቦ ሽታ ወጣብን። ሼህ ሰይድ ወደኔ ዞር አለና መንገዱን ቀጠለ። ደጇ ስንደርስ እጄን ለማንኳኳት አነሳሁ፤ በሩ ሳልነካው ተከፈተ። ለብሳለች። ሼህ ሰይድን አላየችም፣ ሴቶቹን አላየችም። ዓይኗ ወደ እጆቼ ወረደ፤ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ ከእግሬ ሥር ያለውን ወለል አየች።

«ፋንታ፣ ድስቱስ?»

«አልያዝኩም እትዬ።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አፏን የሚጋርደውን እጇን ዝቅ አደረገች፤ አለቀሰች።